56 ያመጣው ልጅና 55 ያመጣችው

የምክር ዓምድ

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ 7ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ሥራ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። በትምህርት ቤታችን ማጠቃለያ ፈተናው ከ50 ይያዛል፤ ቀሪውን 50 መምህሩ እንዳመቸው ይከፋፍለዋል። እኔም ከእኔ በፊት የነበረው መምህር የተወውን ክፍፍል እንዳለ ወሰድኩት፦ የቤት ሥራ 10፣ ደብተር 10፣ የቡድን ሥራ 10፣ ሁለት ሙከራ እያንዳንዳቸው 10። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ካርድ ከተሰጠ በኋላ አንዲት እናት መጥተው፣ «ሒሳቡን ለሰፈር ልጅ ሁሉ የምታስረዳው የኔ ልጅ ናት፤ እሷ የምታስረዳው ልጅ እንዴት በለጣት?» አሉኝ። ማርክ ሊስቱን ከፍቼ ሳየው አፈርኩ። ልጁ የቤት ሥራ 10፣ ደብተር 10፣ ቡድን 10፣ ሙከራ 4 እና 3፣ ማጠቃለያ 19፤ ድምሩ 56። ልጅቷ የቤት ሥራ 0፣ ደብተር 3፣ ቡድን 0፣ ሙከራ 8 እና 8፣ ማጠቃለያ 36፤ ድምሯ 55። ልጅቷ ሰኞ ሰኞ ከእናቷ ጋር ባቲ ገበያ ትወርዳለች። የቤት ሥራ የምሰበስበው ሰኞ ነው፤ የቡድን ሥራውም የቀረበው ሰኞ ነበር። ማጠቃለያ ፈተናው 50 ጥያቄ ያለው ምርጫ ነው። አሁን ማርኩን ላስተካክል ወይስ ልተወው? ለሁለተኛው መንፈቀ ዓመትስ እንዴት ልከፋፍል? ባልደረቦቼ «የቤት ሥራ ላይ ማርክ ካልሰጠሽበት ማንም አይሠራም» ይሉኛል። የ60ዎቹንም ተማሪዎች ማርክ ሊስት ስማቸውን ሸፍኜ ልኬልዎታለሁ።

ግራ የገባት መምህርት፣ ከቃሉ

መልስ፦

እህቴ፣ አብሽሪ። ካርድ ከተሰጠ በኋላ ማርክ ሊስቷን ከፍታ የምታፍር መምህርት ደህና መምህርት ናት። እኔ የማውቃቸው ብዙዎቹ፣ ራሴንም ጨምሮ፣ ሮስተር ተፈርሞ ከተዘጋ በኋላ ማርክ ሊስት የምንከፍተው ዳይሬክተሩ ሲጠይቀን ብቻ ነበር።

የላክሽውን ወረቀት ከምሳ በኋላ ይዤው ተቀመጥኩ። አቦሉ ሲቀዳ የሁለቱን ልጆች መስመር እያየሁ ነበር፤ በረካው ሲደርስ የ60ውንም ዓምድ በእርሳስ ደርድሬ ጨርሼ ነበር። ባየሁት ቅደም ተከተል ልንገርሽ።

ከሁለቱ ልጆች ልጀምር። ለብቻቸው ተቀምጠው፣ አንቺ ፊት ቆመሽ የሠሩትን ብቻ ለይተሽ ደምሪ። ሁለቱ ሙከራዎችና ማጠቃለያው በድምሩ ከ70 ናቸው። ልጁ ከ70 ያገኘው 26 ነው። ልጅቷ 52። አንድ ነጥብ ሳይጎድል ሳይተርፍ እጥፍ። ከቀረው 30 ላይ ደግሞ እሱ 30 ሲያገኝ እሷ 3 አገኘች፤ እጥፉ እዚያ ጋ ተበልቶ አለቀ። እናትየዋ ያሉት ልክ ነው፤ ማርክ ሊስት ሳያዩ ያወቁትን አንቺም አሁን አውቀሽዋል።

እንዲያውም ነገሩ ከዚህም ይብሳል። ማጠቃለያው ባለ አራት ምርጫ ከሆነ፣ ጥያቄውን ሳያነብ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ እንዳመቸው የሚያከብ ልጅ ከ50 በአማካይ 12 ወይም 13 ያገኛል። 19 ያመጣው ልጅ እንግዲህ እርግጠኛ ሆኖ የሠራው ዘጠኝ ጥያቄ ገደማ ነው፤ ከቀሩት 41 ሩቡ፣ ማለትም አሥር ያህሉ፣ በዕድል ገጥሞለት ይሆናል። በዚሁ ስሌት ልጅቷ አውቃ የሠራችው 31 ገደማ ነው። ዘጠኝና ሠላሳ አንድ! በካርዱ ላይ ግን እሱ በአንድ ነጥብ ይበልጣታል፣ ደረጃውም ከሷ በላይ ነው።

አሁን ወደ 60ዎቹ ልውሰድሽ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው።

አንቺ ክብደት የምትይው በወረቀት የጻፍሽውን ነው፤ የቤት ሥራ 10፣ ማጠቃለያ 50። ይህ የተጻፈ ክብደት ነው። ልጆቹን በደረጃ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያንቀሳቅሰው ግን የተጻፈው አይደለም፤ በልጆቹ መካከል የሚፈጠረው ልዩነት ነው። ሁሉም 10 ከ10 ያገኙበት ዓምድ ክብደቱ 10 ይሁን 40 ማንንም ከማንም አይለይም፤ ለሁሉም እኩል ውኃ ጨመርሽ ማለት ነው። ግማሹ 10፣ ግማሹ 2 ያገኘበት ዓምድ ደግሞ ትንሽ ቢጻፍበትም ክፍሉን ለሁለት ይሰነጥቀዋል።

ይህን ለማየት ኤክሰል አያስፈልግሽም። እኔ ያደረግሁትን አድርጊ። እያንዳንዱን ዓምድ ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሪ፣ 15ኛውንና 45ኛውን ልጅ ያዢ፣ ቀንሺ። ጫፍ ላይ ያሉትን መተውሽ ነው፤ አንድ ጎበዝ ወይም አንድ በሽተኛ ስሌቱን እንዳያዛባው። ያንቺ ክፍል እንዲህ ወጣልኝ፦ የቤት ሥራ 10 እና 4፣ ልዩነቱ 6። ደብተር 9 እና 6፣ ልዩነቱ 3። ቡድን 10 እና 9፣ ልዩነቱ 1። ሙከራ አንድ 7 እና 4፣ ሙከራ ሁለትም እንደዚያው፣ ልዩነታቸው ሦስት ሦስት። ማጠቃለያ 30 እና 20፣ ልዩነቱ 10።

እስቲ አስተውዪው። ማጠቃለያውን የቤት ሥራውን አምስት እጥፍ እንዲመዝን አድርገሽ ጻፍሽ፤ በተግባር የመዘነው ግን እጥፍ እንኳ አይሞላም፣ 10 ለ 6 ነው። የቤት ሥራ፣ ደብተርና ቡድን ሲደመሩ ልዩነታቸው 10፤ የማጠቃለያውም 10። በወረቀት 30 የሰጠሻቸው ሦስቱ ዓምዶች 50 ከሰጠሽው ፈተና ጋር እኩል ተጋፍተዋል። ሸካራ ስሌት መሆኑን አልደብቅሽም፤ ዓምዶቹ አንዱ ከሌላው ጋር ያላቸውን ዝምድና አይቆጥርም፤ ከዚህ የረቀቀውን ስታትስቲክስ የተማረ ሰው ይሥራልሽ። መንገዱን ለማየት ግን ይበቃል።

የቡድኑ ዓምድ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም ነው ያስገረመኝ። ከ60ው 51ዱ 9 ወይም 10 አላቸው። የተቀሩት ዘጠኙ፣ ያችን ልጅ ጨምሮ፣ ዜሮ ናቸው። በመካከል 5 የለም፣ 6 የለም፣ 7 የለም። ቡድኑ አንድ ወረቀት ያቀርባል፣ አንዱ ጎበዝ ይሠራዋል፣ አምስቱ ስማቸውን ይጽፉበታል፣ ሁሉም 10 ይወስዳሉ። ስለዚህ ያ ዓምድ የመጡትን አይለይም፤ ያን ሰኞ የቀሩትን ዘጠኝ ልጆች ከሌሎቹ በዘጠኝና በአሥር ነጥብ ወደ ታች ጣላቸው እንጂ ሌላ ሥራ አልሠራም። የሒሳብ ምዘና ብለሽ የመዘገብሽው የአንድ ቀን ስም ጥሪ ነው።

ደብተሩም ያው ነው። ደብተር ስታርሚ ምን ታያለሽ? በጋዜጣ የተለበጠ፣ ርዕሱ በቀይ የተሰመረበት፣ ከሰሌዳ አንድ መስመር ያላመለጠው ደብተር 10 ያገኛል። እኔም ለዓመታት እንዲህ አርሜአለሁ፤ የሴቶቹ ደብተር ሲያምር ደስ ይለኝ ነበር። ግን በንጽሕና የተገለበጠ ሒሳብና የታወቀ ሒሳብ አንድ አይደሉም። ሰኞ የምትቀር ልጅ ደብተር ደግሞ ከሳምንት አንድ ቀን ባዶ መሆኑ ግድ ነው።

ክፍፍሉን ከመንካትሽ በፊት እንግዲህ ለራስሽ አንድ ነገር ወስኚ፦ በካርዱ ላይ «ሒሳብ» ከሚለው ጎን የሚሰፍረው ቁጥር ምን ይናገር? እኔ የምለው፣ ልጁ ሒሳብ ምን ያህል እንደሚችል ብቻ ይናገር። ታዛዥ መሆኑን፣ ደብተሩ ማማሩን፣ ሰኞ መቅረቱን አይደለም። እነዚህ አያስፈልጉም ማለቴ እንዳልሆነ ይገባሻል፤ ካርዱ ራሱ ቦታ አበጅቶላቸዋል። ጠባይ የሚል መስመር አለው፤ የቀረባቸው ቀናት የሚጻፍበትም አለው። ልጅቷ ሰኞ ሰኞ መቅረቷን እዚያ ጻፊው፣ እናትየዋም ያንብቡት። አንዱን ጥፋት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በቀሪ አንዴ በሒሳብ ማርክ፣ መቅጣት ግን ከሽማግሌ ፊት ቢቀርብ የሚያስረታ አይደለም።

ይህ ያንቺ ክፍል ጉዳይ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አልጽፍልሽም ነበር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ጥቅምት 2015 በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲሰጥ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጦርነቱ ድርሻ ነበረው፤ ያን ዓመት ትምህርት ቤቱ የተዘረፈበትና ወራት የባከኑበት የወሎ ልጅ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ግን እነዚያ ልጆች ሁሉ በየዓመቱ «ተዛውሯል» የሚል ካርድ ይዘው እዚያ የደረሱ ናቸው። ካርዱ ለዓመታት ደህና ነህ ሲለው የኖረ ልጅ አንድ ቀን ብቻውን ወንበር ላይ ሲቀመጥ ነው እውነቱ የተነገረው። ያንቺ 56 ከዚያ ሰንሰለት አንዷ ቀለበት ናት። ልጁን ጠቀምሽው ብለሽ እንዳታስቢ፤ ዘጠኝ ጥያቄ የሚያውቅ ልጅ ወደ 8ኛ ክፍል ሲሄድ ማጠናከሪያ እንደሚያስፈልገው የሚያውቅ ሰው የለም፤ ምክንያቱም ካርዱ አልፏል ይላል።

ባልደረቦችሽ «ተከታታይ ምዘና መንግሥት ያመጣው ነው፣ የቤት ሥራም ቡድንም ይያዝ ተብሏል» ይሉሽ ይሆናል። ተከታታይ ምዘና በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ገብቷል፤ ትልቁ ጥቅሙ ግን መምህሩ ልጁ የት ጋ እንደተደናቀፈ ቶሎ አይቶ እንዲያቃናው ማስቻሉ ነው። እኛ ግን ተከታታይ ማርክ መልቀሚያ አደረግነው። የሚያቃናው ክፍል ጠፍቶ የሚለቅመው ቀረ። ልጁ ሙከራ አንድ ላይ 4 ሲያመጣ ምን አደረግሽ? ጻፍሽው። ሙከራ ሁለት ላይ 3 ሲያመጣስ? እሱንም ጻፍሽው። አልወቅስሽም፣ 60 ልጅ ነው። ግን ምዘናው ከወረቀቱ ውጭ የሠራው ሥራ እንዳልነበረ አስቢው።

እንዲያ ከሆነ ለምን ማጠቃለያውን ብቻ ከ100 አናደርገውም የሚል ይኖራል፤ እኔም አንድ ሰሞን እንዲህ ብዬ ነበር። አይሆንም። አንድ ቀን አንድ ቀን ነው፤ ወባ የያዘው ልጅ አለ፣ በረመዳን ሱሑር ተነስቶ ሳይተኛ የመጣ አለ፣ በኅዳር ማሽላ ጥበቃ አዳሩን ማማ ላይ ያነጋ አለ። ከዚያ በላይ ደግሞ ምርጫ ብቻ የሆነ ፈተና መንገዱን አያሳይም፣ መልሱን ብቻ ነው፤ ግምትንም ያካትታል፣ አይተነዋል። ልጁ ብቻውን ሆኖ፣ እጁ ጽፎ፣ ብዙ ጊዜ ይመዘን፤ እኔ የምፈልገው ይህን ነው።

ለሁለተኛው መንፈቀ ዓመት እንዲህ ብታደርጊ፦ ማጠቃለያው 50 እንዳለ ይቆይ፣ እሱ ያንቺ ሥልጣን አይደለም። ከቀሪው 50 ውስጥ አጫጭር ሙከራ አምስት ጊዜ ስጪ፣ እያንዳንዱ ከ5፤ ከአምስቱ ዝቅተኛው ይጣልና አራቱ ይያዙ፣ 20 ይሆናል። በመንፈቀ ዓመቱ አጋማሽ መንገዱ ተጽፎ የሚታረም አንድ ሙከራ ከ15። በክፍል ውስጥ ለብቻ የሚሠራ ሥራ ከ10። የቤት ሥራ ከ5፣ ለትክክለኛነቱ ሳይሆን ለመሞከሩ። ደብተር ዜሮ። ቡድን ዜሮ። ዲፓርትመንቱ ቡድን ካልተያዘ ካለሽ፣ ቡድኑ አብሮ ይሥራ፤ ማርኩን ግን ልጁን በስሙ ጠርተሽ ሰሌዳ ላይ አንዷን ጥያቄ ስታሠሪው ባሳየው ስጪው፣ ያን ከላይ ያልኩሽ 10 ውስጥ አስገቢው። አንዴ ሁለቴ ከጠራሽ በኋላ ስሙን ብቻ የሚጽፍ ልጅ ቡድን ውስጥ መጠየቅ ይጀምራል፤ «ይህ እንዴት መጣ?» ማለቱን ከሩቅ ትሰሚዋለሽ።

ዝቅተኛው ይጣል ያልኩሽ ከልግስና አይደለም። አንድ ልጅ 4፣ 4፣ 4፣ 4 አግኝቶ አንድ ቀን ቢቀርና ዜሮ ብትጽፊበት አማካዩ 3.2 ይሆናል፤ 80 በመቶ የነበረ ልጅ 64 በመቶ ሆነ። ዜሮው የለካው ምንም ነገር የለም። በቀረ ቀን ዜሮ አትጻፊ፣ ባዶ ተይው ወይም ቀሪ በይ፤ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ማካካሻ ስጪው። ማካካሻውንም ቢቀር ያን ጊዜ ዜሮው የራሱ ነው። በቂ ምክንያት ኖሮት ጨርሶ ሊፈተን ካልቻለ ደግሞ ከተፈተነው ብቻ አስቢለት፤ ከ80 ተፈትኖ 60 ካመጣ 75 ከ100 ነው፣ ቀላል ነው።

ቀኑ! ክብደት ክብደት ስንል ቀኑን ረሳነው። በባቲ መንገድ የሚያስተምር ሰው ሰኞን የምዘና ቀን ማድረግ የለበትም። ገበያው ካንቺም ከኔም በፊት የነበረ ነው፤ የአፋሩ ግመል፣ የደጋው ጤፍና ማር በሰኞ ይገናኛል፣ እናትየዋም ልጇን ይዛ የምትወርደው ፍየሏን ብቻዋን መንዳት ስለማትችል ይሆናል። ልጆቹ ትምህርት ይቅርባቸው አልልም፤ ወላጅ ስትሰበስቢ ንገሪያቸው። እስከዚያው ግን ሙከራሽን ማክሰኞ አድርጊው። አርብ ከሰዓትም ተዪው፣ የልጆቹ ልብ ጁምዓ ላይ ነው።

አሁን ያ የባልደረቦችሽ ጥያቄ፤ ማርክ ከሌለው ማን ይሠራዋል? እነሱም እውነት አላቸው። ግን ማርክ ያለውስ ማን ሠራው? ካንቺ 60 ተማሪዎች 38ቱ የቤት ሥራ 10 ከ10 አላቸው፤ ከነዚያ 38 ውስጥ 17ቱ ሙከራ ላይ ከ5 በታች ናቸው። ቆጥሬአቸዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ከደወሉ በፊት ከግንቡ ሥር ቁጢጥ ብለው የሚገለብጡትን አይተሻቸው አታውቂም? አንድ ደብተር መሀል ላይ፣ ሰባት ራስ በዙሪያው።

እኔ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ያደረግሁት ይህን ነበር። የቤት ሥራውን እሰጣለሁ፣ አልሰበስብም። በነጋታው ሲመጡ ከሰጠኋቸው ጥያቄዎች አንዷን ቁጥሯን ቀይሬ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ሩብ ወረቀት፣ አምስት ደቂቃ፣ ደብተር ተዘግቶ። ለምሳሌ የቤት ሥራው «በ6,000 ብር የተገዛ ፍየል በ15 በመቶ ትርፍ ስንት ተሸጠ?» ከሆነ፣ የጠዋቷ «በ8,000 ብር የተገዛ ፍየል በ10 በመቶ ኪሳራ ስንት ተሸጠ?» ትሆናለች። የቤት ሥራውን የሠራ ልጅ ትርፉን 900 ብሎ 6,900 ያመጣበትን መንገድ ያስታውሳል፤ ኪሳራ ሲሆን እንደሚቀነስ ለአፍታ አስቦ 7,200 ይጽፋል። የገለበጠው 6,900 ብሎ ይጽፋል። እውነቴን ነው፣ ጥያቄው ተለውጦ ሳለ የትናንቱን መልስ የሚጽፍ ልጅ በየክፍሉ አለ፤ ሳታርሚ ከሩቅ ትለዪዋለሽ። ያች የሰኞዋ ልጅ ደግሞ ፍየል ሲሸጥ ቆማ ያየች ናት፣ ይህን ጥያቄ ለመሥራት ደብተር የሚያስፈልጋት አይመስለኝም። አጫጭር ሙከራ ከ5 ያልኩሽ እነዚህን ነው። የቤት ሥራ የማይሠራ ልጅ አምስት ደቂቃዋ ላይ ስለሚወድቅ መሥራቱ አይቀርም። 60 ሩብ ወረቀት ለማረም ደግሞ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ስለ ድምር አንዲት ማስጠንቀቂያ አለችኝ፤ ከራሴ ጥፋት የተገኘች ናት። በ1985 ዓ.ም. ደሴ ሳስተምር ሁለት ሙከራ ሰጥቼ ነበር፣ አንዱ ከ25፣ አንዱ ከ10። ሁለቱ እኩል እንዲመዝኑ ነበር ያሰብኩት። ሮስተር ሲደርስ ግን በችኮላ ሁለቱን ደምሬ ከ35 አድርጌ፣ ያን ወደ 20 ቀየርኩት። ከ25 የተያዘው ሙከራ ሌላኛውን በሁለት ተኩል እጥፍ እንደዋጠው አላስተዋልኩም። አንድ ልጅ፣ በመጀመሪያው ሙከራ ታሞ 12 ያመጣ፣ በሁለተኛው 10 ከ10 የነበረ፣ ካርዱን ይዞ መጣና «ጋሼ፣ እኔ ስደምረው 15 ነው የሚመጣው፣ ከ20» አለኝ። አልጮኸም። ጣቱን ካርዱ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ቆመ። ቤቴ ገብቼ በኩራዝ ሠራሁት፤ 12 ከ25 ወደ 10 ሲቀየር 4.8፣ ሲደመር 10፣ 14.8። እኔ የሰጠሁት 22 ከ35፣ ወደ 20 ሲቀየር 12.6 ነበር። ልጁ ልክ ነበር። ጠዋት ለዳይሬክተሩ ስነግረው «ሮስተር ተፈርሟል፣ ማኅተም አርፎበታል» አለኝ። እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ። ልጁን ለሳምንት ያህል መንገድ እየቀየርኩ ሸሸሁት። እሺ ብዬ መውጣቴ ነው እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ፤ ስሌቱ ማንንም ሊያጋጥም የሚችል ነው።

ስለዚህ ማርኩን ላስተካክል ወይ ላልሽው ሁለት ነገር ለይተሽ ያዢ። ክፍፍሉ መጥፎ ነበር፤ ግን ለልጆቹ በመጀመሪያው ቀን ነግረሽ በዚያ ሕግ ነው የሠሩት። ካለቀ በኋላ ያን አትቀይሪ። ልጁ የቤት ሥራው 10 ይያዛል ተብሎ 10 ሰብስቧል፤ ገለበጠ አልገለበጠ በጊዜው አልያዝሽውም። 56ቱ የሱ ነው፣ ይቆይ። ልጅቷ የቤት ሥራው ላይ ያለባት ዜሮም ቢያምም ሕጉ ያመጣው ነው። የቡድኑ ዜሮ ግን ሕጉ አላመጣውም። ያን ቀን አልነበረችም፣ ማካካሻ አልተሰጣትም፣ ሳትመዘን ዜሮ ተጻፈባት። ይህ ስህተት ነው፤ ስህተት ደግሞ ማኅተም ካረፈበትም በኋላ ይታረማል። የዘጠኙንም ልጆች ስም ይዘሽ ዳይሬክተሩ ቢሮ ግቢ፤ የሷን ብቻ ካነሳሽ ለዘመድ አደላች ይባላል፣ ከተማችሁ ትንሽ ናት። ለዘጠኙም አንድ ማካካሻ ሥራ በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል፣ ለየብቻ አሠሪያቸው። ዳይሬክተሩ እምቢ ካለ በጽሑፍ አቅርቢለትና ቅጂውን ያዢ። በቃል ብቻ ነግሬው እንደወጣሁት እንደኔ እንዳትሆኚ።

ለእናትየዋ ምን ልበል ትዪ ይሆናል፤ ያየሽውን ንገሪያቸው። ልጅዎ ለብቻዋ በተፈተነችው ከ70 52 አላት፣ ጎበዝ ናት፤ ያጣችው ሰኞ የቀረችበትን ነው፣ የኔም አሠራር ጎድቷታል፤ ከአሁን በኋላ ሙከራ ማክሰኞ ነው። የልጁንም ወላጅ ጥሪያቸው። እሱን ማንም አልጠየቀም፣ ምክንያቱም አልፏል። ከ70 26 ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስረጂያቸው፤ የሁለቱ መንፈቀ ዓመት አማካይ ስለሆነ የሚታየው፣ በአዲሱ ክፍፍል ያለ 30ዋ ጉርሻ ሲመዘን ዓመቱን ሊወድቅ እንደሚችል አሁኑኑ ይወቁ። ማጠናከሪያ ካላችሁ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ እሱ ይሁን። ከተቻለ ከልጅቷ ጋር አንድ ወንበር ላይ አስቀምጪው፤ እሷ እንደሆነች ማስረዳት ለምዳለች።

አዲሱን ክፍፍል የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳ ላይ ጻፊው፣ ደብተራቸው ላይ ይገልብጡት፣ ወላጅ ይፈርምበት። ሌላኛውን የ7ኛ ክፍል ምድብ የሚያስተምር መምህር ካለ እሱም በዚሁ እንዲሄድ አግባቢው፤ ሁለት ምድብ በሁለት ሚዛን ተመዝኖ አንድ ላይ ደረጃ ከወጣለት ሌላ ክስ ይመጣብሻል።

ማርክ ሊስትሽን በፖስታ መልሼልሻለሁ፣ በእርሳስ የጻፍኩበትን አጥፊው። 34ኛው መስመር ላይ ሙከራ ሁለት የሚለው ቁጥር 1 ይሁን 7 ለይቼ ማንበብ አልቻልኩም፤ ድምሩ ላይ 1 ብለሽ ነው የደመርሽው። የልጁን የፈተና ወረቀት አውጥተሽ እዪልኝ።